የተደፈነውን ጕድጓድ መልሶ ስለ መቈፈር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ በሰፈረ ጊዜ ያደረገውን ነገር ኦሪት ዘፍጥረት በ26ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን የውሃ ጕድጓዶች ፍልስጥኤማውያን ዐፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ በዚያ አገር መጻተኛ ነው፤ መሬቱ የሌላ፣ ንጉሡም የሌላ ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተደፈኑትን ጕድጓዶች መልሶ አስቈፈረ። ስም ባወጣላቸውም ጊዜ ከራሱ ዐዲስ ስም አላመጣም፤ አባቱ በጠራቸው ስም ጠራቸው እንጂ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መልካም ልማድ ቢደፈን ውሃው ከታች አለ ማለት ነው፤ ዐፈሩን የሚያነሣለት ሰው ያሻዋል እንጂ አልነጠፈም። ሁለተኛው፣ ዐፈሩን የሚያነሣው ሰው ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። የአገሩ ሰው ጕድጓዱ እንደ ተደፈነ ለምዶታል፤ ከላዩም እየተራመደ ያልፋል። እንግዳው ግን ውሃ ስለ ጠማው ይጠይቃል፤ ቆሞም ይመለከታል።

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ጕድጓድ በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መካከል የነበረው፣ በብዙ ቦታም አሁን የቀረው የጽዋ ማኅበር ነው። ዐዲስ ገብ የሆነ ሰው ይህን የመሰለውን የተወደደ ልማድ ለማንሣት ቢነሣ ምን ማድረግ ይገባዋል? ነባሮቹስ እንዴት ሊቀበሉት ይገባል? ይህን በመጻሕፍት ምስክርነትና በዐይናችን ባየነው ነገር እንመልከት።

ጽዋ ምን እንደ ሆነ የአባቶች ልጅ ሁሉ ያውቃል። ምእመናን በአንድ ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ በ12 የቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 የእመቤታችን፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ እየተባለ በየወሩ በተራ ይዘክራሉ። ተረኛው ዳቦውንና ቆሎውን፣ ጠላውንም አቅሙ እንደ ፈቀደ ያዘጋጃል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ ስለ ቅዱሱ ገድልና ተአምር ያስተምራል። ለነዳያን ድርሻ ይወጣል። ማኅበረተኞቹም ስለ ታመመው፣ ስላዘነው፣ ስለ ተጣላው ይነጋገራሉ። በመጨረሻም ጽዋው ከነመሶቡ ለሚቀጥለው ወር ተረካቢ በእልልታ ይሰጣል። ሙሴ የሚባለውም የማኅበሩ አለቃ ሥርዐቱን ይጠብቃል።

ይህ ነገር በመንደር ሲሆን መልካም ነው፤ በሥራ ባልንጀሮች መካከል ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ ልዩ ነው። የሥራ ባልንጀሮች ከቤተ ሰባቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ይውላሉ፤ ነገር ግን የሚተዋወቁት በማዕረግና በሥራ ድርሻ ነው። አለቃው የበታቹን በሠራው ስሕተት ያውቀዋል፤ የበታቹም አለቃውን በቍጣው ያውቀዋል። በጽዋ ማዕድ ግን ዘበኛውና ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ዳቦ ይቈርሳሉ። አንዱ የሌላውን ቤት ያያል፤ ልጆቹን በስማቸው ያውቃል። ከዚያም በኋላ በማግሥቱ በሥራ ቦታ ሲገናኙ አነጋገራቸው እንደ ትናንቱ አይሆንም።

አሁን ለትምህርት የሚሆነንን ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ማተሚያ ቤት የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ነበረ። የመሠረቱት በዚያን ጊዜ ፊደል ከሣጥን እየለቀሙ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንደ ሐዋርያት ቍጥር ዐሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ በ12 ከሥራ በኋላ በተረኛው ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ዘመን ሲለወጥ የእርሳሱ ፊደል ቀርቶ በኮምፒዩተር መጻፍ ተተካ፤ ከመሥራቾቹም አንዳንዶቹ ዐረፉ፤ በቦታቸው ሌሎች ገቡ፤ ጽዋው ግን ቀጠለ። ኋላም ቀረ። ከቀረም ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚህ መካከል ከገጠር ትምህርቱን ፈጽሞ የመጣ አንድ ወጣት በዚያ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን የዕቃ ግምጃ ቤቱን እንዲያጸዳ ታዝዞ ሳለ፣ ከአሮጌዎቹ የፊደል ሣጥኖች በስተኋላ በትንሽ መሶብ ውስጥ አንድ የእንጨት ጽዋ አገኘ። አቧራ ለብሶ ነበር። በመሶቡ ውስጥ የማኅበረተኞቹ ስም የተጻፈበት ደብተርም ነበረ። ወጣቱ በእናቱ ቤት የሚካኤል ጽዋ ሲዘከር ያደገ ነውና ልቡ ተነካ። ጽዋውን አጠበ፤ በማግሥቱም የሚካኤል ማኅበር ከሚመጣው 12 ጀምሮ እንደሚቀጥል የሚገልጽ ማስታወቂያ ጽፎ በግድግዳ ላይ ለጠፈ።

በ12 ቀን ከሁለት ሰው በቀር የመጣ የለም። ከነባሮቹም አንዱ፣ «ትናንት የመጣህ ልጅ የእኛን ማኅበር በማስታወቂያ ልታስነሣው ነውን?» ብሎ ገሠጸው።

ወጣቱ ዐዝኖ ወደ እኔ መጣ። የመጣበትም ምክንያት በደብተሩ ላይ ማኅበሩን የሚባርክ ካህን ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ስለ ሆነ ነው። «አባቴ፣ መልካም ነገር ላድርግ ብዬ ተነሥቼ ለምን ተቈጡኝ? ጽዋው የቅዱስ ሚካኤል አይደለምን?» አለኝ።

እኔም፣ «ልጄ፣ አሳብህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ ለምን እንደ ቀረ ጠይቀሃልን?» አልሁት። «አልጠየቅሁም» አለኝ። ይህን ጊዜ የነህምያን ታሪክ አስታወስሁት።

ነህምያ በሱሳ ግንብ ለንጉሥ አርጤክስስ ወይን ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ በሰማ ጊዜ ዐዘነ፤ ጾመ፤ ጸለየም። በጸሎቱም የአባቶቹን ኀጢአት እንደ ሌላ ሰው ኀጢአት አልቈጠረም፤ ራሱንና የአባቱን ቤት ከበደለኞቹ ጋራ ደምሮ ተናዘዘ እንጂ። ንጉሡም በነገሠ በ20ኛው ዓመት ፈቅዶለት ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በዚያች ከተማ ዐዲስ ሰው ነበር። ከደረሰም በኋላ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፣ እግዚአብሔር በልቡ ያኖረውን ነገር ለማንም ሳይናገር፣ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተቃጠሉትን በሮች እየዞረ ተመለከተ። መንገዱ እንስሳው የሚያልፍበት እስኪያጣ ድረስ ፍርስራሹን ተከተለ። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው ሹማምንቱንና ካህናቱን ጠርቶ በአንድነት እንሥራ ያላቸው። ሥሩ አላለም፤ እሠራላችኋለሁም አላለም። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

አስተውሉ። ቅጥሩ በ52 ቀን የተፈጸመው ነህምያ ከሁሉ በፊት ዝም ብሎ ስላየ ነው። ዐዲስ ሰው የቀረውን ልማድ ለማንሣት ሲፈልግ የመጀመሪያው ሥራው መናገር ሳይሆን ፍርስራሹን ዞሮ ማየት ነው። ልማድ ያለ ምክንያት አይሞትም። አንዱ በድህነት ይሞታል፤ አንዱ በጠብ ይሞታል፤ አንዱ በቸልታ ይሞታል። የሞተበትን ምክንያት ሳያውቁ ማንሣት ቍስሉ ሳይታጠብ መጠቅለል ነው።

እንግዲህ ወጣቱ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ያውቁ የለምን? ለምን ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መናገር የማልወደውን ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ።

ማኅበሩ በተጀመረ ጊዜ ዳቦና ቆሎ፣ ጥቂትም ጠላ ብቻ ይቀርብ ነበር። ኋላ አንዱ ደመወዙ የተሻለ ሰው ወጥ ጨመረ፤ የሚቀጥለው ተረኛ እንዳያንስ ብሎ በግ ዐረደ፤ ከዚያ የሚቀጥለውም ጠጅ አስጣለ። በቅዱሱ ስም የተጀመረው ዝክር የሰው ክብር መፎካከሪያ ሆነ። ከማኅበረተኞቹ መካከል የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ተራው በደረሰ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ለመደገስ ተበድሮ ደገሰ። ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ዓመቱ ዞሮ ጽዋው እንደገና ደረሰበት። «በዚህ ዓመት እለፉኝ፣ ወይም ዳቦ ብቻ ላቅርብ» ብሎ ለመነ። ማኅበሩም ደንብ ነው ብሎ መቀጫ ጣለበት፤ መቀጫውንም መክፈል ስላልቻለ ስሙን ከደብተር ሰረዘው፤ ሰው ልኮም ጽዋውን ከቤቱ አስወሰደ።

እኔም በዚያ ማዕድ ተቀምጬ ነበር። የታረደውን በግ ባርኬአለሁ። የዚያ ሰው ቦታ ባዶ እንደ ሆነ አይቻለሁ፤ ለምን እንዳልመጣም ሰምቻለሁ፤ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁትም ማኅበሩን እንዳላስቀይም ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ማዕድ ሞቅ ያለ ጨዋታ ነበረበት፤ ፍቅር ግን አልነበረበትም። ዓመት ሳይሞላውም አንዱ ሥራ በዛብኝ፣ ሌላው ራቀኝ እያለ ተበተነ። ማኅበሩ የሞተው ግን የተበተነ ዕለት አይደለም፤ ድሀው የተሰረዘ ዕለት ነው።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህ በሽታ ዐዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ በ11ኛው ምዕራፍ የሚገሥጻቸው ስለዚሁ ነው። በአንድነት ሲሰበሰቡ ባለጠጋው የራሱን ምግብ አስቀድሞ ይበላል፤ አንዱ ይራባል፤ ሌላው ይሰክራል። ሐዋርያው ይህ መሰብሰባቸው ለጥቅም ሳይሆን ለጕዳት እንደ ሆነ፣ የሌላቸውን ማሳፈርም የእግዚአብሔርን ማኅበር መናቅ እንደ ሆነ አስተማራቸው። የሐዋርያትን ደቀ መዛሙርት ያገኘ በሽታ የእኛን ጽዋ ቢያገኝ አያስደንቅም፤ የሚያሳፍረው ካወቁ በኋላ አለማከም ነው።

ስለዚህ ወጣቱን እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፣ ጽዋውን ይዘህ ወደ ነባሮቹ ከመሄድህ በፊት ስሙ ወደ ተሰረዘው ሰው እንሂድ። አንተ አልበደልኸውም፤ እኔ ግን በድዬዋለሁ። ስለዚህ እኔ እቀድማለሁ፤ አንተ ተከተለኝ።»

ሄድን። ያ ሰው ጡረታ ወጥቶ በአንዲት ጠባብ ቤት ይኖራል። መስቀል ተሳልሞ አስቀመጠን። እኔም የመጣሁበትን ነገር ሳላዞር ነገርሁት፤ «በዚያን ጊዜ ስለ አንቱ መናገር የእኔ ፈንታ ነበር፤ ዝም ብዬ በድያለሁና ይቅር በሉኝ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ይቅር ብያለሁም አላለኝም። በመጨረሻ ወደ ወጣቱ ተመልክቶ፣ «ጽዋውን ማን አጠበው?» ብሎ ጠየቀ። ወጣቱም፣ «እኔ ነኝ፣ አባባ። አቧራ ነበረበት» አለው። ሽማግሌው ተነሣና ከሣጥኑ ውስጥ አንድ የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። በጥልፍ የመስቀል ምልክት ያለበት የጽዋው መሸፈኛ ነበረ። ባለቤቱ ለራሳቸው ተራ የሠራችው ነው፤ ጽዋውን ሲወስዱባቸው መሸፈኛው እዚያው ቀርቶ ነበር። እርስዋ ዐርፋለች። ሽማግሌው ለወጣቱ ሰጠውና፣ «ጽዋ ራቁቱን አይቀመጥም» አለው።

በመጀመሪያው ወር አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። በሦስተኛው ወር መጣ። ይቅርታ እንደ ዘር ነው፤ በዘሩበት ቀን አይታጨድም።

ወደ ነባሮቹም ወጣቱ በማስታወቂያ ሳይሆን በእግሩ ሄደ። እያንዳንዱን ሥርዐቱ እንዴት እንደ ነበረ፣ ማን እንደ መሠረተው፣ ጸሎቱ በማን እንደሚጀመር ጠየቀ። የሚያውቀውን እንኳ እንደማያውቅ ሆኖ ጠየቀ። ያን ጊዜ የገሠጸው ሰው ራሱ የመሥራቾቹን ታሪክ ሲነግረው አመሸ፤ ኋላም ሙሴ ሆኖ ተመረጠ። ወጣቱ ግን አለቅነት አልፈለገም፤ የነዳያንን ድርሻ ተሸክሞ ማድረስ መረጠ። ማኅበሩም ዐዲስ ደንብ ጻፈ፤ ዳቦና ቆሎ፣ ከዚያም ጋራ ጠላ ወይም ውሃ፤ ከዚህ የሚበልጥ ማቅረብ ክልክል ነው፤ የጐደለበት ሰው ቢኖር ሌሎቹ በስውር ይሙሉለት፤ መቀጫ የሚባል አይኑር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ።

በዚህ ቦታ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወጪን የሚፈራ ሁሉ እውነተኛ ነውን? ስንክሳር በሰኔ 12 የሚተርከውን የአፎምያን ታሪክ እናስታውስ። ባልዋ አስተራኒቆስ ከመሞቱ በፊት በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 የእመቤታችንን፣ በ29 የጌታችንን ልደት መታሰቢያ እንዳታስታጕል አደራ ሰጣት። እርስዋም አደራውን ጠበቀች። ሰይጣንም ቀንቶ በመነኵሲት ተመስሎ መጣ፤ ገንዘብሽ ያልቃል፤ ባልሽ መንግሥተ ሰማያት ስለ ገባ ምጽዋት አያሻውም፤ ይልቅስ ሌላ ባል አግቢ እያለ መከራት። እርስዋ ግን አልሰማችውም፤ ቅዱስ ሚካኤልም አዳናት።

እንግዲህ ሰይጣንም ወጪው በዛ አለ፤ ዘበኛውም ወጪው በዛ አለ። ቃሉ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ወዴት ነው? ሰይጣን የፈለገው ለድሀ የሚሰጠው እንዲቀር ነው። ዘበኛው የፈለገው ግን ዝክሩ ድሀውን እንዳያጠፋ ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ልማድ ወጪ ሲናገር ቃሉን ብቻ አንስማ፤ የሚናገረው ከጥጋብ ነው ወይስ ከጭንቅ ነው ብለን እንመርምር። የጠገበ ሰው ለነዳያን የሚወጣው ይቅር ቢል ፈተና ነው። የተቸገረ ሰው ሸክሙን አቅልሉልኝ ቢል ግን ምናልባት ከማኅበሩ ሁሉ ይልቅ የዝክርን ትርጓሜ የሚያውቅ እርሱ ነው።

ለዐዲስ ገቦች የምንነግራችሁ ይህ ነው። ይስሐቅ አባቱ ባወጣው ስም እንደ ጠራ እናንተም የቀደሙትን ስም አክብሩ፤ እኔ ጀመርሁት አትበሉ። ንጉሥ ኢዮስያስ የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ የራሱን ልብስ ቀደደ፤ ወደ ነቢይቱ ወደ ሕልዳናም ልኮ አስጠየቀ፤ ፋሲካውን ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ሌላውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጠይቁ። ነህምያ 12 ዓመት ገዥ ሲሆን ሕዝቡ ሸክም ስለ ከበደበት የገዥነቱን ቀለብ አልበላም፤ እናንተም ባነሣችሁት ልማድ ለራሳችሁ ክብርና ጥቅም አትፈልጉ። በሥራ ቦታ ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ባልንጀሮች አሉና ማኅበራችሁ ማንንም የሚያስገድድ፣ የሥራ ሰዓት የሚሰርቅ፣ ባልንጀራ ከባልንጀራ የሚለይ አይሁን። ጽዋ የሚጠጣ ሰው በማግሥቱ ለማይጠጣው ባልንጀራው ከትናንት ይልቅ ቸር ሆኖ ካልተገኘ፣ ጠላ ጠጣ እንጂ ጽዋ አልጠጣም።

ለነባሮችም የምንነግራችሁ አለ። ዐዲሱ ሰው ስሕተት ቢሠራ የስሕተቱን ምክንያት ተመልከቱ፤ ማስታወቂያውን የለጠፈው ንቋችሁ ሳይሆን ውሃው ጠምቶት ሊሆን ይችላል። በነህምያና በዕዝራ ዘመን ሕዝቡ በሰባተኛው ወር የዳስን በዓል ባደረገ ጊዜ፣ ከኢያሱ ወልደ ነዌ ዘመን ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ያለ አልተደረገም ነበር፤ ደስታውም እጅግ ታላቅ ነበር። ያን በዓል ያደረጉት ከምርኮ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ከሩቅ የመጣው ሰው የቅርቡ የረሳውን ሲያስታውስ መቅናት አይገባም፤ ማመስገን ይገባል እንጂ። ደግሞም እናንተ የምታውቁትን እርሱ አያውቅም፤ ካልነገራችሁት ጽዋው ቢነሣም ሥርዐቱ ከእናንተ ጋራ ይቀበራል።

ለእኛም ለካህናት አንድ ቃል እንጨምር። በማዕድ ራስ ተቀምጠን የምንባርከው እኛ ነን። ከመባረካችን በፊት ማን እንደ ጐደለ እንቍጠር። በዚያ ወር ያልመጣው ሰው ለምን እንዳልመጣ ጠይቀን፣ የተገፋ ቢሆን ስለ እርሱ ብንናገር፣ ማኅበሩ ለጊዜው ቅር ቢለውም ከመበተን ይድናል። ዝምታችን ያፈረሰውን ነገር ወጣቶች ሲጠግኑት ማየት ደስታም ነው፤ ወቀሳም ነው።

ይስሐቅ የአባቱን ጕድጓዶች ካስቈፈረ በኋላ አገልጋዮቹ ሌላ ውሃ ባገኙ ጊዜ የጌራራ እረኞች ተከራከሩት፤ ስሙንም ዔሴቅ አለው። ሌላ ቢያስቈፍር ደግሞ ተጣሉት፤ ስጥና ብሎ ጠራው። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ሦስተኛውን አስቈፈረ፤ በእርሱ ላይ ግን ጠብ አልሆነም፤ እግዚአብሔር አሰፋልን ሲል ስሙን ርኆቦት አለው። መልካም ልማድን የሚያነሣ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ክርክር ቢያገኘው፣ በሁለተኛው ጥል ቢያገኘው ተስፋ አይቍረጥ። ሽማግሌው የመጣው በሦስተኛው ወር ነው።

የቅዱስ ሚካኤል አማላጅነት፣ የእመቤታችን ጸሎት ሁላችንን በፍቅር ማዕድ ይሰብስበን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።